በመርዶ ጠዋት የተወሰደው ፊቴ

ቀን፦ ግንቦት ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለቴክኖሎጂ ጥናቶች ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

አቤት ባይ፦ ወ/ሮ ዘርትሁን ደቻሳ፣ ጡረተኛ መምህርት
አድራሻ፦ ጉለሌ፣ ቀጨኔ
አቤቱታ የቀረበበት፦ ንባበ ገጽ የኮምፒውተር ጥናት ድርጅት

ጉዳዩ፦ የእኅቴ ልጅ መርዶ ሲነገር በግቢዬ የተቀረጸው የፊቴ ምስል የኮምፒውተር ማስተማሪያ መሆኑ እንዲቀርና በአውደ ርዕይ እንዳይታይ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ወሬ አርማለሁ፤ ወሬው ከማመልከቻዬ ቀድሞ እርስዎ ዘንድ እንደሚደርስ አውቃለሁና። በሰፈራችን "ዘርትሁን የእኅቷ ልጅ መሞቱ ሲነገራት ሳቀች" እየተባለ ይወራል። ሐሰት ነው። አልሳቅሁም። እፎይ ነው ያልሁት። ይህን ወሬ ያመጣው ሰው ቢሆን ኖሮ ደጁ ድረስ ሄጄ ዐይኑን እያየሁ እጠይቀው ነበር። ያመጣው ግን ከግቢያችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካሜራና ከካሜራው ጋር የተገናኘ ኮምፒውተር ነው። ለሥራው ፈቃድ የሰጠው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ስለሆነ የምጠይቀውም እርስዎን ነው።

፩. እኔና ታናሽ እኅቴ ወ/ሮ ጌጤ ደቻሳ ከአባታችን በወረስነው ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት በተሠሩ ሁለት ቤቶች እንኖራለን። የግቢው በር አንድ ነው፣ የውሃው ቧንቧም አንድ ነው። ሁለታችንም ባሎቻችንን ቀብረናል። ሁለታችንም አንድ አንድ ወንድ ልጅ ነበረን፤ የእኔው አክሊል ይባላል፣ የእሷ ባጫ። አክሊል የኢሱዙ ሾፌር ነው፤ ባጫ ረዳቱ ሆኖ አብሮት ይወጣ ነበር።

ስለ ልጄ ያለውን እጽፋለሁ። አክሊል ሰነፍ ነው፣ ይጠጣል፣ ለእናቱ ስልክ የሚደውለው ሲቸግረው ነው። ባጫ ግን ከመንገድ ሲመለስ ወደ እናቱ ቤት ከመግባቱ በፊት በእኔ ደጅ ያልፍ ነበር። "ትልቋ እናቴ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ስትገሥጪ ዋልሽ?" ይለኝ ነበር። እኔ ላይ ለመቀለድ የሚደፍር ሌላ ሰው በሰፈሩ የለም። ባጫን ከወለድሁት ልጅ አብልጬ እወደው ነበር። ይህን ለእኅቴም ሆነ ለንስሐ አባቴ ተናግሬ አላውቅም። አሁን ለመሥሪያ ቤት የምጽፈው ጉዳዩ ያለዚህ ስለማይገባ ነው።

፪. ባለፈው ዓመት ኦልያድ የሚባል ወጣት ከድርጅቱ ወደ ግቢያችን መጣ። መልኩ ንጹሕ ነው፣ ሰላምታውም ደንበኛ ነበር። ሥራቸው ኮምፒውተር የሰውን ስሜት ከፊቱ ለይቶ እንዲያውቅ ማስተማር እንደሆነ አስረዳን። መጀመሪያ ተዋናዮችን ቀጥረው፣ በአዳራሽ መብራት ሥር "ሳቁ፣ አልቅሱ፣ ተቆጡ" እያሉ አስተማሩት። ከዚያ ወደ ታክሲ ሰልፍ ሲያወጡት የተሰለፈውን ሁሉ ተቆጥቷል አለ። እኔ ይህ ስሕተት መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ እነሱ ግን ስሕተት ነው አሉ። ስለዚህ በትእዛዝ ያልሳቀና በትእዛዝ ያላለቀሰ የሰው ፊት፣ በቤቱ፣ በሱቁና በሰልፉ ላይ እንዳለ መቅረጽ አስፈለጋቸው። ትምህርቱ ሲያልቅ መናገር የማይችል ሕመምተኛ ምን ያህል እንደታመመ ኮምፒውተሩ ለሐኪም ይነግራል አሉን።

ነገሩ መልካም ስለመሰለኝ ፈረምሁ። ጌጤም እኔን አይታ ፈረመች፤ እሷ በሕይወቷ አንድ ወረቀት አንብባ ፈርማ አታውቅም። እኔ ግን ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር አንብቤዋለሁ። የሚለው "የዕለት ተዕለት ኑሮ" ነው። መርዶ የዕለት ተዕለት ኑሮ አይደለም። እርስዎ ጋ እንደዚያ ከሆነ እግዚአብሔር ያጽናዎ።

ከዚያ ካሜራው ተሰቅሎ ከረመ። በቧንቧው ተራ ስንጣላ ይቀርጻል፣ ስንታረቅ ይቀርጻል። ኦልያድ መሣሪያውን ሊያይ ሲመጣ "እማማ፣ ከእናንተ ግቢ ቁጣ በሽ በሽ ነው፣ ደስታም ሞልቷል። የጎደለን ሀዘን ነው" ይለን ነበር። አንድ ቀን ጌጤ ሳቅ ብላ "ታገሥ ልጄ፣ ሁለት አሮጊት ይዘህ ሀዘን አታጣም፤ አንዳችን ስንሞት ሌላዋን ትቀርጻለህ" አለችው። እሱም አብሯት ሳቀ።

፫. በየካቲት ወር የአክሊል ኢሱዙ በሰላሌ መንገድ ላይ ተገለበጠ። ትራፊክ ፖሊስ ፍሬን እምቢ ብሎት ነው ብሏል፤ ልጄን ስለማውቀው በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። እኛ ጋ የደረሰው በመጀመሪያ መኪናው መገልበጡ ብቻ ነው። የሁለቱም ልጆች ስልክ አይነሣም።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል የግቢው በር ተንኳኳ። የዕድራችን ዳኛ አቶ ዋቅቶላ ከሁለት ሽማግሌዎችና ነጠላቸውን ካዘቀዘቁ ሴቶች ጋር ቆመዋል። ቀጨኔ ውስጥ ለኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። እኔ ከቤቴ ወጣሁ፣ ጌጤ ከቤቷ ወጣች፣ በግቢው መካከል ጎን ለጎን ቆምን። የተገለበጠው መኪና አንድ ነው፣ የቆምነው እናቶች ሁለት ነን።

ክቡርነትዎ መርዶ እንዴት እንደሚነገር ያውቃሉ ብዬ እገምታለሁ። ሆኖም በእርስዎ ፈቃድ የሠሩት ሰዎች ያላወቁ ስለመሰሉኝ እጽፈዋለሁ። ጡሩንባ ከመነፋቱ በፊት፣ ሀዘንተኛዋ ከቤቷ ሳትወጣ መርዶ ነጋሪው ይመጣል። ብርቱ ሴቶች ከሀዘንተኛዋ ኋላ ይቆማሉ፣ ብትወድቅ ይይዟታል። የሚናገረው ሰው ስሙን ቶሎ ይጠራል፤ ሀዘንተኛ አይጠበቅም፣ አይንጠለጠልም። ስሙን ሲጠራም መሬት መሬት ያያል። ሌሎቹም እንዲሁ። ስሙ ሲጠራ የሀዘንተኛን ፊት የሚያይ ሰው የለም። ቀና የሚሉት እሷ ስትጮኽ ነው።

ልጅ ሳለሁ ይህ ከአክብሮት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን አባቶቻችን የሚያደርጉትን እያወቁ እንዳደረጉት ተረድቻለሁ።

አቶ ዋቅቶላ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰውም ዘጉ። ቀና ብለው ወደ ግድግዳው አዩ፣ እንደገና አጎነበሱ፣ ዝም አሉ። ጌጤ እጄን ያዘች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። እሳቸው ዝም እንዳሉ ነው። በዚያ ዝምታ ውስጥ እኔ አክሊልን ገንዤ፣ አፈር አልብሼ፣ ሰልስቱን አውጥቼ ነበር። ጌጤም ባጫን እንደዚያው እንዳደረገች አልጠራጠርም።

ከዚያ "ባጫ" አሉ።

ጌጤ ወደቀች። እኔ እፎይ አልሁ። ድምፅ አልነበረውም። ትከሻዬ ወረደ፣ አፌ ተከፈተ፣ ፊቴ ላላ። ባጫን ከልጄ አብልጬ እወደው እንደነበር ከላይ ጽፌያለሁ፤ ፊቴ ግን አላማከረኝም። ከዚያ ጎንበስ ብዬ እኅቴን አነሣኋት፣ አብሬያት ጮህሁ፣ ድምፄ እስኪዘጋ አለቀስሁ። ያለቀስሁት እውነቴን ነው። ከዚያ በፊት የሆነውን ማንም አላየም። ወጉ ማንም እንዳያይ ነው የተሠራው።

፬. በቀብሩ ዕለት አክሊል ክንዱ በጨርቅ ታስሮ መጣ። ሰው ሁሉ ጌጤ ምን ታደርገዋለች ብሎ ወደ እሷ ዞረ፤ ልጇን ይዞ የሄደው እሱ ነው፣ መሪው በእጁ ነበር። ጌጤ ግንባሩን ሳመችው። "አንተ እንኳ ተርፈህልኛል፣ ከእንግዲህ የሁለታችንም ነህ" አለችው። ልጄ በዚያን ቀን እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ማታውን ደግሞ ሄዶ ጠጣ።

እኅቴ ልጇን ይዞ የገለበጠውን ሰው በመቃብሩ አፋፍ ላይ ይቅር እንዳለች ልብ ይበሉልኝ። ቀጥሎ የምጽፈውን ሲያነቡ ይህን ይዘው እንዲያነቡ ነው።

፭. አርባው ከወጣ በኋላ ድርጅቱ በጥናቱ የተሳተፉ ቤተሰቦችን ሁሉ በሰፈሩ አዳራሽ ጠራ። ለስላሳና ኩኪስ ነበረ። እኔና ጌጤ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ከሀዘኗ ወዲህ ከቤት ስትወጣ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር፣ "ሰው ልይ" ብላ ነው የመጣችው። ኦልያድ መድረክ ላይ ሆኖ ኮምፒውተሩ አሁን የት እንደደረሰ አስረዳ። የሱቅ ፊቶች አሳየ፣ የሰልፍ ፊቶች አሳየ፤ ሰዎች ራሳቸውን እያዩ ተሣሣቁ። ቀጥሎ "አሁን የማሳያችሁ በአገራችን ተቀርጾ የማያውቅ ቅጽበት ነው። እውነተኛ ነው፣ ማንም አላዘጋጀውም" አለ።

በሸራው ላይ የእኔና የጌጤ ፊት ወጣ። በእያንዳንዳችን ፊት ዙሪያ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ተሥሏል። "ባጫ" የሚለው የአቶ ዋቅቶላ ድምፅ ተሰማ። በጌጤ ፊት ሥር "ሀዘን፣ ዘጠና ስድስት በመቶ" ተጻፈ። በእኔ ፊት ሥር "ደስታ፣ ሰማንያ አንድ በመቶ" ተጻፈ። ምስሉን በዝግታ መልሰው አሳዩት። ከዚያ አንድ ጊዜ ደገሙት። ኦልያድ "በቦታው የነበረ ሰው ያላየውን ኮምፒውተሩ አየ" ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከኋላ ያሉ፣ ማን መሆናችንን የማያውቁ፣ አብረውት አጨበጨቡ።

ጌጤ እጄን ይዛ ነበር። ለቀቀችው። ዞር ብላ አየችኝ፤ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። "እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ" አለችኝ። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

እኅቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረችኝም። ቧንቧው ዘንድ የምትወጣው እኔ ሳልነሣ ነው። ከሰል ላበድራት በሯን ሳንኳኳ ውስጥ ሆና አትከፍትልኝም፤ ትንፋሿ ከበሩ በስተጀርባ ይሰማኛል። የባጫን ፎቶግራፍ ከእኔ ቤት በሰው እጅ አስወስዳዋለች። ልጄ ልጇን ይዞ መገልበጡን ይቅር ብላለች፤ ፊቴን ይቅር አላለችም።

በሰፈሩ የሚባለውን ደግሞ ከላይ ጠቅሻለሁ። ልጆች ከኋላዬ "እማማ ደስታ!" እያሉ ይሮጣሉ። ሱቅ ያላት ረይሃና ሳሙና ስትሰጠኝ ዝቅ ባለ ድምፅ "ወላሂ እማማ፣ እኔ አላመንኩም። ግን ኮምፒውተር ነው አሉ፣ ሰው ቢሆን ዋሽቶ ነው ይባላል" አለችኝ። ልጅቱ ልታጽናናኝ ነው። ሳሙናውን መልሼላት ወጣሁ።

፮. ከዚህ በኋላ አቶ ዋቅቶላን ቤታቸው ሄጄ ያን ጠዋት ለምን እንደቆዩ ጠየቅኋቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ነው ለዚህ ያበቃቸው። ድርጅቱ ለዕድሩ አዲስ ድንኳን ሰጥቶ ነበር፤ ብርቱ ስሜት ያለበት ነገር ሲመጣ አስቀድሞ እንዲነገረው ተስማምተዋል። እሳቸውም የባጫን ሞት እንደሰሙ ለእኛ ከመናገራቸው በፊት ለኦልያድ ደወሉ። "አባባ፣ በሩን አልፈው ሲገቡ ጥቂት ብቻ ይታገሡ፤ ገና ጨለማ ነው፣ ካሜራው ብርሃኑን እስኪያስተካክል ነው። ትንሿ መብራት አረንጓዴ ስትሆን ስሙን ይናገሩ" አላቸው። "ለጥናት ነው፣ ለሕመምተኛ ይጠቅማል አለኝ፤ ምን ላድርግ እቴ፣ የተማረ ልጅ ነው" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ባጫ የተለቀሰበት ድንኳን ያ ድንኳን ነው።

ጌጤ ይህን አታውቅም። በአዳራሹ የታየው ስሙ ከተጠራበት ጀምሮ ያለው ብቻ ነበር። እሷ ያ ዝምታ የአቶ ዋቅቶላ እንባ መስሏት እስከ ዛሬ ትመርቃቸዋለች። "ለባጫዬ አፋቸው አልታዘዝ አላቸው" ትላለች ለጎረቤት።

፯. ባለፈው ሳምንት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ በመስኮቱ ላለው ሠራተኛ ጉዳዬን አስረዳሁ። ሠራተኛው በትሕትና አዳመጠኝ። "ማዘር፣ ኮምፒውተሩ ከተሳሳተ እናርማለን። ተሳስቷል?" አለኝ። ያየው ነገር ነበረ አልሁት። "ታዲያ ካልተሳሳተ ምን እናድርግ?" አለኝ። መልስ የለሽ ጥያቄ ስለሆነ ሳይሆን፣ ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ስለተቆጡ ትቼ ወጣሁ።

ድርጅቱ ዘንድም ሄጃለሁ። ኦልያድ ወንበር ሰጠኝ። ኮምፒውተሩ የሚያውቃቸው ስሜቶች ሰባት ናቸው ብሎ በጣቱ ቆጠረልኝ፤ ደስታ፣ ሀዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ መደነቅ፣ መጸየፍና ንቀት። እፎይታስ የት ገባ ብዬ ብጠይቀው፣ "እሱ ከደስታ ጎራ ነው የሚመደበው፣ እማማ" አለኝ። ይህን ወጣት እናት ወልዳው ከሆነ እሷን ጠይቆ ይረዳ።

ቀጥሎ አንድ መላ አቀረበልኝ። "እማማ፣ ነገሩን አናክርረው። ኮምፒውተሩ አሮጊት ፊት ላይ ሊሳሳት ይችላል፣ ሽብሽቡ ያስቸግረዋል። ተሳስቷል ብለው ይፈርሙልን፤ እኛ የእርስዎን ወደ ሀዘን እንቀይረዋለን፤ ለወይዘሮ ጌጤም በማኅተም ደብዳቤ እንጽፍላቸዋለን።" ወረቀቱን አዘጋጅቶ ነበር። እስክርቢቶውን በእጄ ያዝሁት።

ክቡር ኃላፊ፣ ይህን ወረቀት ብፈርም እኅቴ ነገ በሯን ትከፍትልኝ ነበር። ሳትከፍት የምትቀርበት ምክንያት የለም። ጌጤ ማኅተም ያለበትን ነገር ሁሉ ታምናለች፤ ማመንም ትፈልጋለች፣ ብቻዋን ናት። እኔም ብቻዬን ነኝ። እስክርቢቶውን መልሼ አስቀመጥሁት። የተማርሁበት ትምህርት ቤት ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብዬ ብፈርም ያስገርፈኝ ነበር፣ ያጠፋሁትን አላጠፋሁም ብዬ ብፈርምም እንዲሁ። ያን ጠዋት በፊቴ ላይ የነበረው ነገር ሀዘን አልነበረም። ሀዘኑ ከኋላ ደረሰ። ባጫን በሐሰት ሀዘን አልቀብረውም፤ በእውነተኛው ቀብሬዋለሁ።

ስነሣ ኦልያድ በዚህ ሳምንት መጨረሻ አውደ ርዕይ እንዳላቸው፣ የእኔና የጌጤ ፊት በመግቢያው ላይ በትልቁ እንደሚሰቀል፣ ስማችን ግን እንደማይጻፍ ነገረኝ። "እማማ፣ አይጨነቁ፤ 'ተሳታፊ ሀ እና ተሳታፊ ለ' ነው የሚለው" አለኝ። እኔ ተሳታፊ ለ ነኝ።

ምስሉ ቢጠፋ ኮምፒውተሩ የተማረውን ይረሳ እንደሆነም ጠየቅሁት። "እሱ አይሆንም፣ ስኳር ከሻይ ውስጥ አይወጣም" አለኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። የተማረ ሲረሳ ያየሁትን ያህል ምንም ነገር አላየሁም። ስለዚህ ይህን መልስ አልተቀበልሁትም።

በዚህም መሠረት ጽሕፈት ቤቱ የሚከተለውን እንዲፈጽምልኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ሀ) የእኔና የእኅቴ ፊት በአውደ ርዕዩ እንዳይሰቀል፣ ምስሉም እንዲጠፋ፣ ከዚያ ምስል የተወሰደው ትምህርት ከኮምፒውተሩ እንዲወጣ። አይወጣም ከተባለ አይወጣም ተብሎ በጽሑፍ ይሰጠኝ፤ ሁለተኛ ሰው ሲፈርም ያንብበው።

ለ) "ደስታ" የሚለው ስም ወደ "ሀዘን" እንዳይቀየር። እንዲታረምልኝ አልጠየቅሁም። ያየው ነበረ፤ ማየት ግን አልነበረበትም። አቤቱታዬ ይኸው ነው። በመስኮቱ ያለው ልጅ "ተሳስቷል?" ብሎ ሲጠይቀኝ ልመልስለት ይገባኝ የነበረውም ይህን ነበር፤ በትሕትና ስላዳመጠኝ ቢነገረው ደስ ይለኛል።

ሐ) መርዶ፣ ለቅሶና የሚሞት ሰው አልጋ "የዕለት ተዕለት ኑሮ" ከሚለው ፈቃድ ውስጥ በግልጽ እንዲወጡ።

መ) ኦልያድ የሚባለው ባለሙያ ከአቶ ዋቅቶላ ጋር እኅቴ ቤት ሄዶ፣ ያን ጠዋት ስሙ የዘገየው በእንባ ሳይሆን በመብራት መሆኑን በአፉ እንዲነግራት። በስልክ አይሆንም፣ በደብዳቤም አይሆንም። ይህ እንደሚያማት አውቃለሁ። ከዚያ ጠዋት የቀረላት አንድ መልካም ነገር የሽማግሌው ዝምታ ነው፣ እሱንም እንደሚወስድባት አውቃለሁ። ቢሆንም ሁለት እናቶች በአንድ ግቢ ውስጥ ለካሜራ ብርሃን ሲባል እንዲቆዩ ተደርገዋል፤ ይህን ብቻዬን ተሸክሜ መኖር አልፈልግም። ሲነግራት ፊቷን እያየ ይንገራት፤ ማየት ሥራው ነው።

ካሜራው አሁንም ከግድግዳችን አልወረደም። ድርጅቱ ውሉ እስኪያልቅ ንብረቱ መሆኑን አስታውቆኛል። እኔ በሰው ንብረት ላይ እጄን አላነሣም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው እየተቀረጸ ባለ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ መሆኑን ይወቁልኝ፤ አሁን ምን ስም እንደሚሰጠኝ ግን አልጠየቅሁም።

ጽሕፈት ቤቱ መልስ እስኪሰጥ ጊዜ እንደሚወስድ ይገባኛል፤ እኔ ጊዜ የለኝም፣ ጌጤም የላትም። ስለዚህ የራሴን ድርሻ አላዘገይም። ነገ ጠዋት በመጀመሪያ የማደርገው የሚከተለው ነው።

ጌጤ ባልዲዋን ይዛ ከምትወጣበት ሰዓት ቀድሜ እነሣለሁ።

ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ እታጠባለሁ፣ ሻሼን ወደ ኋላ አስራለሁ፤ ግንባሬም ጉንጬም እንዲታይ።

ቧንቧው አጠገብ እቆማለሁ። ስትመጣ መንገድ አልለቅላትም።

"ባጫ ሲባል እፎይ አልሁ፣ አክሊል አይደለም ብዬ" እላታለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ባጫን ከአክሊል አብልጬ እወደው እንደነበር አልነግራትም፤ መለማመጫ ይመስልብኛል።

ከዚያ ምንም አልናገርም፣ እንድታየኝ እቆማለሁ። ብትተፋብኝ አልጠርገውም። ባልዲዋ እስኪሞላ ድረስ ከዚያ አልንቀሳቀስም።

ለሥራዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ዘርትሁን ደቻሳ

ግልባጭ፦
ለንባበ ገጽ የኮምፒውተር ጥናት ድርጅት
ለዕድሩ ዳኛ ለአቶ ዋቅቶላ